ራስክ

ስልኬ ላይ ተጽፏል፤ የማለዳው ዙር፦
ስምንት ደቂቃ ለቶርኪልድ እግር።
ደም ሥር የሚጨብጥ ካልሲ ማጥለቅ፣
ክኒኑን ማዋጥ፣ እንቅልፉን መጠየቅ፣
ከዚያ ብስክሌቱን በኦርሁስ ንፋስ
ሽቅብ እየገፉ ቀጣዩ ደጅ መድረስ።

ፈጣን ነኝ። እንዲህ ነው ወረቀቴ የሚል፤
በዓመቱ ግምገማ ከስሜ ጎን ሰፍሯል።
ግን የትኛው ፈጣን?
እንደ ሰማዕቱ ነው፣ በአምባላይ ፈረሱ
ስሙን ሳይጨርሱት ከደጅ መድረሱ?
ወይስ እንደ ሎተሪው፣ በሳንቲም ተፍቆ
"ይሞክሩ" ብሎን የሚሄድ ተሳልቆ?
ወይስ እንደዚያ ነው፣ በቀበሌው ግድግዳ
"ፈጣንና ቀልጣፋ" ተለጥፎ ለእንግዳ
ከሥሩ ባለጉዳይ አግዳሚው ላይ ጎኑ ሲጎዳ?

ቀልጣፋ ሌላ ነው፤ ጣት ይፈልጋል፣
መርፌን በጨለማ ክር ያጎርሳል።
ችኩል ሌላ ነው፤ አፍሶ ይለቅማል።
ቅልብልብ የሚባል ሴት ስትፈጥን ነው፤
ወንዱ እንዲያ ቢከንፍ ስሙ ንቁ ነው።
ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አፌን የፈታሁበት ነው።

ዴንማርካውያን ግን አንድ ቃል ሰጡኝ፤
ራስክ።
በሦስተኛው ወሬ፣ መምህሬ ኪርስተን ፈረስ ሣለች፣
ሶምሶማ የሚረግጥ፤ ከላዩ "ራስክ" ብላ ጻፈች።
ከጎኑ "ፈጣን" ብዬ ደብተሬን ከደንኩ፤
ሁለተኛ ፍቺ ነበረው፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤
ቃልም እንደዚያው ነው፣ ወገብ ላይ ይላላል።

የካቲት ላይ ዶርቴ፣ አለቃዬ፣ ደወለች፤
"ቶርኪልድ ራስክ ነው?" ብላ ጠየቀች።
ሳቄ መጣ። ቶርኪልድ!
ሸሚዙን ሲቆልፍ እያንዳንዱን ቁልፍ የሚያማክር፣
ማንኪያውን ከሳህን የሚሸኝ እስከ ከንፈር፣
በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ሲደረድር የኖረ፣
ሰማንያ ስምንት ዓመት ለማንም ያልበረረ።
"ኧረ በጭራሽ!" አልኳት፤
"እንኳን ዛሬ፣ ድሮስ መቼ ነበረ!"

ከሰዓት በኋላ ሐኪም ደረሰ፣ ደረጃውን እየዘለለ፤
ደረቱን አዳመጠ፣ ጉልበቱን መታ፣ ምላሱን አየ።
ምንም። የዚህ ሰው ልብ እንደ ደወል ነው አለ።
ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ጆሮዬ ግሎ፤
ራስክ ጤነኛም ነው፤ ሩጫና ጤና ባንድ ስም ተጠቅልሎ።
እኛ ጤና ይስጥልኝ እንላለን እንጂ
ፍጥነት ይስጥልኝ ብለን አናውቅም።

ዶርቴ ፋይሉን አስተካከለች፤ እኔም ይቅርታ አልኩ።
ደቂቃው ግን ተረስቶ፣ በማግስቱ ስልኬን ስነካ፣
ስምንቱ አሥራ አምስት ሆኗል፤ ያረመው የለም ለካ።

በተረፈችው ሰባት ደቂቃ፣ አንዱ ካልሲ በእጄ እንዳለ፣
"በእናንተስ ምን ይሉታል?" ይለኛል፣ ወደ ጆሮዬ እያዘነበለ።
እነግረዋለሁ። "ጣ" ላይ ሲደርስ ያስለዋል፤
ጉሮሮው እንዲህ ያለ ፊደል አስተናግዶ አያውቅም።
እጽፍለታለሁ፤ በአውራ ጣቱ ይዳስሰዋል፣
ከአየር ላይ እንደ እርሳስ ለቅሞ ይደረድረዋል፣
ፊቱን አዙሮ፤
ወረቀት ላይ ሲያርፍ ቀና እንዲል።
ከዚያ ሌላኛው ካልሲ።

በመጋቢት ትኩሳት ጣለኝ። ዙሬን ሌላ ሰው ወሰደው።
በአራተኛው ቀን ከበሬ ሥር ፖስታ ገባ፣
ጽሑፉ የጉንዳን መንገድ፦
"ራስክ ሁኚ።"
ጤናውን ይሁን ፍጥነቱን አልለየም።
ከታች ሦስት ፊደላት፣ የእኛው፣
ጀርባቸውን የሰጡኝ።
ቴርሞሜትሩን አፌ ውስጥ እንዳደረግሁ
ከመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ቆምኩ፤
ቀስ ብዬ አነበብኩ።